ያልተሟሸ ድርብ ሸክላ፦ መብራት በሌለበት አትክልት የሚያቆይ ዕቃ

ፍርዱን ከመጀመሪያው እንናገር። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ገብቶ መካከሉ በእርጥብ አሸዋ የሚሞላው ድርብ ሸክላ፣ አየሩ ደረቅና ሞቃት በሆነበት አገር አትክልት ለማቆየት ከሚገዙ ዕቃዎች ሁሉ የወጣበትን ገንዘብ ቶሎ የሚመልስ ነው። አየሩ እርጥብ ከሆነ ከተራ ማሰሮ ብዙም አይሻልም። ለሥጋና ለወተት ደግሞ የትም ቦታ ቢቀመጥ አይሆንም። ማቀዝቀዣ የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ጎመን ሳይጠወልግ፣ ቲማቲም ሳይፈርጥ የሚሰነብትበት ትንሽ ጎተራ ነው ብሎ የገዛው ይደሰትበታል፤ ፍሪጅ ገዛሁ ያለ ሰው በሳምንቱ ጓሮ ይጥለዋል።

ውሃ የሚያቀዘቅዘው ነጠላ የሸክላ ጋን በዐረብኛ ዚር ይባላል፤ በሱዳንና በግብፅ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ድርቡን ዓለም ያወቀው በሰሜን ናይጄሪያ ነው። ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው መምህር መሐመድ ባህ አባ እ.ኤ.አ. በ1995 ጂጋዋ ግዛት ውስጥ ሠርቶ አከፋፈለውና በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አገኘበት። በእሱ ሙከራ 3 ቀን የሚቆየው ደበርጃን 27 ቀን ቆየ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ዘለቁ። በሱዳን ዳርፉር፣ አል ፋሽር ላይ በተደረገው ሙከራም 2 ቀን ብቻ የሚቆየው ቲማቲም 20 ቀን፣ 4 ቀን የሚቆየው ባሚያ 17 ቀን፣ ካሮት ከ4 ቀን ወደ 20 ቀን ደርሷል። እነዚህ ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን የበረሃ ዳር አየር ቁጥሮች ናቸው። ባሕር ዳር ከተማ ላይ በሐምሌ የሚጠብቃቸው ሰው ያዝናል።

ምክንያቱ ትነት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በስሌት ብቻ ቢታይ ይህ 57 ሊትር ገደማ ውሃን በ10 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ይበቃል። ታዲያ ማሰሮው ለምን እንደ በረዶ አይቀዘቅዝም? ከዙሪያው ሞቃት አየር ሙቀት ያለማቋረጥ ስለሚገባበት፣ አብዛኛው ቅዝቃዜ የሚያልቀው ይህን የሚገባ ሙቀት በመመከት ነው። የቅዝቃዜውን የመጨረሻ ልክ የሚወስነውም አየሩ ራሱ ነው። አየሩ 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ፣ እርጥብ ነገር ሊወርድበት የሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት 19 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያው 35 ዲግሪ እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ ግን 30 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ያንኑ ማሰሮ፣ ያንኑ አሸዋ፣ ያንኑ ውሃ ይዛችሁ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይኖሯችኋል ማለት ነው። የተለመደው መመዘኛ የቀኑ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ሲሆን ይሠራል የሚል ነው፤ እኛም እንስማማበታለን።

ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን ፈትኑት። ሁለት ተራ ቴርሞሜትር ይበቃል። የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሉ፣ ሁለቱንም ማሰሮው ሊቀመጥ በታሰበበት ቦታ አንጠልጥሉ፣ ለአምስት ደቂቃ በማራገቢያ አራግቧቸውና አንብቡ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ልዩነቱ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ግዙ። ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ጥሩ ድርብ ሸክላ ከዚህ ልዩነት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ያወርዳል ብሎ ማሰብ ይቻላል። በዚህ መለኪያ ሰመራ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ በበጋ ደግሞ ሁመራና መተማ ተስማሚ ናቸው። ጋምቤላ በደረቁ ወራት ይሆናል፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ አይሆንም። ጅቡቲ፣ ምፅዋና አሰብ ባሕሩ ስላለ ልፋት ብቻ ነው። በገልፍ አገሮች ያላችሁም እንዲሁ ናችሁ፤ ሪያድ ደረቅ ስለሆነ ይሠራል፣ ጅዳና ዱባይ ግን በሞቃቱ ወራት እርጥበታቸው ያበላሸዋል። አዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ የካቲት አየሩ ደረቅ ቢሆንም ከመጀመሪያውም ቀዝቃዛ ነው፤ ጥቅሙ ጎመንና ሰላጣ እንዳይጠወልግ ማድረግ ላይ ይቀራል፤ ክረምት ሲገባ ባዶውን አጥቦ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። በገበያችን ያለው ትልቁ ችግር ማሰሮው ጥሩ ሆኖ መሠራቱ ነው። ሸክላ ሠሪዎቻችን ድስቱንም ጀበናውንም በጠጠር ይወለውሉታል፣ ባለቤቷም ቤት ወስዳ በቅባት ታሟሸዋለች፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው እንዳያፈስና እንዳያዥ ነው። ለማቀዝቀዣ የምንፈልገው ግን የሚያዥ ማሰሮ ነው። የተወለወለና የተሟሸ የውጪ ማሰሮ ቀዳዳው ስለተደፈነ ውሃው አሸዋው ውስጥ ታምቆ ይቀራል፤ ማሰሮው ከውጪ ደረቅ፣ ከውስጥ ለብ ያለ ይሆናል። አይሠራም ተብለው ከተጣሉት ብዙዎቹ ጥፋታቸው ይኸው ነው። ስለዚህ የውጪው ያልተሟሸ፣ ያልተወለወለ፣ ቀለምም ቫርኒሽም ያልነካው ይሁን። የውስጠኛው ግን ቢወለወል ጥሩ ነው፤ እርጥበቱ ወደ ምግቡ በብዛት እንዳይሰርግ ይከላከላል።

ገበያ ላይ የሚፈተነው እንዲህ ነው። በጣታችሁ አንኳኩት፤ ጥርት ብሎ የሚያቃጭል በደንብ የተተኮሰ ነው፣ ድፍን ድምፅ ያለው ወይ የነቃ ነው ወይ ያልበሰለ። ከዚያ ጣታችሁን በውሃ ነክራችሁ የውጪው ግድግዳ ላይ አንድ ጠብታ አሳርፉ። በጥቂት ሰከንድ ከተመጠጠ የሚፈለገው እሱ ነው። ጠብታው ክብ ሆኖ ተንከባሎ ከወረደ ማሰሮው ተደፍኗልና ተዉት። ቤት ስትደርሱ የውጪውን ብቻውን ውሃ ሙሉትና አሳድሩት፤ በጥቂት ሰዓት ግድግዳው መጥቆር፣ ጠዋት ላይ ዙሪያውን ረጥቦ መገኘት አለበት። ውሃው ቀጭን መስመር ሠርቶ የሚወርድ ከሆነ ግን ስንጥቅ አለ፤ መልሱት። ለአበባ መትከያ የሚሸጠው ሸክላም ቀለም እስካልተቀባ ድረስ ጥሩ ምርጫ ነው። የታችኛውን ቀዳዳ በሲሚንቶ መድፈንና ከመጠቀም በፊት ሦስት ቀን ማድረቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

መጠኑን በተመለከተ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃው የውጪው ማሰሮ አፉ በውስጥ በኩል 38 ሳንቲ ሜትር፣ የውስጠኛው በውጪ በኩል 32 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥንድ ነው። በዙሪያው 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተርፋል። ከ2 ሳንቲ ሜትር ከጠበበ አሸዋው ቶሎ ይደርቃል፤ ከ5 በላይ ከሰፋ ክብደት ብቻ ይጨምራል። የውስጠኛው ቁመት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከ8 እስከ 9 ኪሎ ቲማቲም ይይዛል። የዳርፉሩ እስከ 12 ኪሎ ይይዝ ነበር። ለዚህ ጥንድ 15 ሊትር ገደማ አሸዋ፣ ማለትም በባለ 10 ሊትር ባልዲ አንድ ተኩል ያህል ያስፈልጋል። ደረቁ ብቻ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ማሰሮውና ውሃው ሲጨመርበት ሁለት ሰው እንኳ በስጋት ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ቦታውን መጀመሪያ ምረጡ፤ ሞልቶ ማዛወር ብዙ ማሰሮ አስነቅቷል።

አሸዋው የወንዝ አሸዋ ይሁን፤ መካከለኛ፣ ጠጠሩ በወንፊት የወጣለት። በባልዲ ውሃ እያማሰላችሁ ድፍርሱን ሦስት አራት ጊዜ ድፉ፤ ውሃው ጠርቶ ሲወጣ በቃው። ጭቃ ያለው አሸዋ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም፤ ጠጠር የበዛበት ደግሞ ውሃውን ወደ ታች ለቆ ላዩ ይደርቃል። የባሕር ዳርቻ አሸዋ ጨው ስላለበት ጭራሽ አይሞከር።

ሲገጠም ትልቁ ማሰሮ መሬት ላይ አይቀመጥም። ሦስት ጉልቻ ወይም የብረት ማስቀመጫ ላይ ይሰየም፤ ነፋስ ከሥሩ ማለፍ አለበት፣ የታችኛው ግድግዳም የትነት ቦታ ነው። ማቶት ላይ የሚያስቀምጡት አሉ፤ ማቶቱ ረጥቦ ይሻግታል እንጂ አይረዳም። ከሥር 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ጨምሩና ደልድሉት። የትንሹ ማሰሮ አፍ ከትልቁ አፍ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ለኩ፤ እኩል ከሆነ ውሃ ስታጠጡ ወደ ውስጥ ይፈሳል። ከዚያ ዙሪያውን አሸዋ እየጨመራችሁ በቀጭን እንጨት ውጉት፤ ባዶ ኪስ ካለ በዚያ በኩል ማሰሮው ይሞቃል። ከአፉ ሁለት ጣት ያህል አጉድሉ። ውሃውን ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸዋው ብቻ 5 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ሸክላውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ፀሐይ ላይ የዋለ ደረቅ ማሰሮ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ መገልበጥ የመንቃት ዋና ምክንያት ነውና ጥላ ውስጥ አሳድራችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያው ቀን ቅዝቃዜ አይፈረድበትም፤ ሁሉም እስኪረጥብ አንድ ሌሊት ይጠይቃል።

የውስጠኛው ማሰሮ ታች ላይ የቀርከሃ ወይም የእንጨት ርብራብ አኑሩ፤ የሚጠራቀመው እርጥበት የታችኛውን ቲማቲም እንዳያበሰብስ ነው። ክዳኑ በሁለት የታጠፈ እርጥብ ጆንያ ይሁን፤ የፕላስቲክ ክዳን ላብ ያጠራቅምና መልሶ ያንጠባጥባል። ጆንያው ላይ የሸክላ ወይም የእንጨት ክዳን ቢደረብ አይጥና ዝንብ ይከላከላል።

ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት ይሁን። ይህን ደጋግመን የምንለው ሰው ሁሉ ማሰሮውን ወጥ ቤት ጥግ ስለሚከተው ነው። ጥግ ውስጥ ያለው አየር ማሰሮው ራሱ በሚያወጣው ተን ይረጥብና ትነቱ ይዳከማል። በረንዳ ላይ፣ ወይም በበርና በመስኮት መካከል ነፋስ በሚያልፍበት መስመር ላይ ይቀመጥ። ፀሐይ ግን አይንካው፤ ፀሐይ ትነቱን ብታፈጥንም የምትጨምረው ሙቀት ይበልጣል። ምድጃ አጠገብም ያው ነው።

ውሃ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ ይጨመራል። በዚህ መጠን ያለ ማሰሮ በደረቅና ነፋሻ ቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ተኩል ያተናል። ውሃ በጀሪካን እየተገዛ ለሚኖር ቤት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ዕቃው ነፃ ቅዝቃዜ ይሰጣል የሚሉ ሻጮች ይህን አይናገሩም። ለመጠጥ የማይሆን ውሃ ግን ይበቃል፤ አትክልት የታጠበበትን መጠቀም ይቻላል፣ ሳሙናና ጨው እስከሌለበት ድረስ። አሸዋው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ማሰሮው በጥቂት ሰዓት ከአየሩ ጋር እኩል ይሞቃል። ጣታችሁን አሸዋው ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ፤ ካልረጠበ ዘግይታችኋል።

ድሬዳዋ ላሉ አንባቢዎች ለብቻው የሚነገር አለ። ውሃው ጠጣር ነው፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ ግድግዳው ላይ ይቀርና ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ማሰሮው በየወሩ ቅዝቃዜው እየቀነሰ ሲሄድ ምክንያቱ ይኸው ነው። በየሁለት ሳምንቱ በደረቅ ብሩሽ ፈግፍጉት፤ በየሦስት ወሩ አሸዋውን አውጥታችሁ ግድግዳውን በኮምጣጤ እሹትና በብዙ ውሃ አለቅልቁት። የዝናብ ውሃ ያጠራቀመ ሰው ለዚህ ቢያውለው የማሰሮውን ዕድሜ ያረዝማል። ሁለተኛው ጉዳይ ትንኝ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ወረርሽኝ አይታለች፤ የዴንጊ ትንኝ ደግሞ የምትፈለፈለው ቤት ውስጥና በቤት ዙሪያ ባለ የቆመ ውሃ ነው። አሸዋው ከውሃው በላይ ሆኖ እስከታየ ድረስ ድርብ ሸክላ ችግር የለበትም። አሸዋ የሌለው ዓይነት፣ ማለትም አንድ ማሰሮ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠቀለለው፣ ሳፋው በየሳምንቱ ተደፍቶ ጎኑ ካልተፈገፈገ የትንኝ ቤት ይሆናል። ያ ዓይነት ቀላልና ርካሽ ነው፣ ለማንቀሳቀስም ይመቻል፤ ወባና ዴንጊ ባለበት ቦታ ግን እኛ አንመርጠውም።

ምን ይገባበታል? ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ባሚያ፣ ካሮት፣ ደበርጃን፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ማንጎ። እንዲያውም ቲማቲምና ማንጎ ከፍሪጅ ይልቅ እዚህ ይስማማቸዋል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ጣዕማቸው ይሞታል፣ ቆዳቸውም ይጎዳል። ውስጡ ያለው እርጥበት በደንብ በተጠበቀ ማሰሮ ከ80 በመቶ በላይ ስለሚሆን ቅጠሉ አይጠወልግም፤ ግማሹ ጥቅም እንዲያውም ከቅዝቃዜው ሳይሆን ከዚህ እርጥበት ነው። የበሰለ ሙዝ ወይም ማንጎ ከጎመን ጋር አትጨምሩ፤ የሚያወጡት ጋዝ ቅጠሉን ያቢጫል። ሁለት ማሰሮ ያለው ሰው ፍሬውን ከቅጠሉ ይለይ። የቆሰለ ቲማቲም አይግባ፤ አንዱ ሁሉንም ያበላሻል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ እህልና ዳቦ በዚያ እርጥበት ይሻግታሉ። እንጀራም መሶቡ ውስጥ ይቆይ።

ሥጋ፣ ወተት፣ የበሰለ ወጥ አይገባም ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ምግብ የሚመርዙ ተሕዋስያን የሚገቱት ከ5 ዲግሪ በታች ነው፤ ማሰሮው በጥሩ ቀን 20 ዲግሪ አካባቢ ነው ያለው። በእጅ ሲነካ የሚሰማው ቅዝቃዜ ያታልላል።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎችም ስለዚህ ዕቃ ይጠይቃሉ። ያልተከፈተ ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋልና ሸክላው አይተካም። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ግን በብዙው ዓይነት እስከ 25 ወይም 30 ዲግሪ ድረስ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ 40 ዲግሪ በሚደርስ ቤት ውስጥ ጠርሙሱን ከዚያ በታች ማድረግ የሚችል ማሰሮ ትልቅ ነገር ነው። ጠርሙሱ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ ቴርሞሜትር አብሮት ይቀመጥ፣ ቁጥሩም ለሐኪም ይነገር።

ንጽሕናው ከባድ አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ የውስጠኛውን ባዶ አድርጋችሁ በሙቅ ውሃና በብሩሽ እጠቡ፤ ሳሙናው ሸክላው ውስጥ ስለሚሰርግ አይመከርም። ጆንያው ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የጭቃ ሽታ ከመጣ አሸዋው ነውና ዘርግፋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

ከሌሎቹ ጋር ስናወዳድረው፣ በሕንድ ጉጃራት ግዛት ማንሱክባይ ፕራጃፓቲ የሠራው ሚቲኩል የተባለው የሸክላ ፍሪጅ መደርደሪያና በር ያለው፣ ውሃውም ከላይ ካለ ማጠራቀሚያ የሚወርድ ስለሆነ ለአጠቃቀም ይመቻል፤ እዚህ ግን የማይገኝና በጉዞ የሚሰበር ነው። አትክልት ለሚነግድ ሰው ድርብ ሸክላ ያንሰዋል። ለእሱ የሚሻለው ሕንዶች የሚሠሩት ባለ ሁለት ግንብ የጡብ ጓዳ ነው፤ በሁለቱ ግንቦች መካከል 7.5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይሞላል፣ 165 በ115 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 67.5 ከፍታ ያለው 100 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ሲሚንቶ ሳይሆን ውሃ የሚመጥ ተራ የሸክላ ጡብ ያስፈልገዋል፤ ብሎኬት አይሆንም።

ጥንዱን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ብዙም አይገኝምና ማዘዙ ይሻላል። አዲስ አበባ ቀጨኔም ሆነ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች በልኬት ይሠራሉ። እነዚህ እናቶች እጃቸው እንዲህ ያለ ዕቃ እያወጣ ለዘመናት ተንቀው የኖሩ ናቸው፤ አል ፋሽር ላይ የሴቶች ማኅበር ይህንኑ ማሰሮ እየሠራ እንደሸጠ ሁሉ ለእነሱም አዲስ ገበያ ቢከፈት ደስታችን ነው። ስታዙ ስለ ቅዝቃዜ ከማስረዳት ይልቅ ቀጥታ እንዲህ በሏቸው፦ «እማማ፣ የውጪውን አይወልውሉት፣ እንዲያዥ ነው የምፈልገው፤ የውስጠኛውን ግን እንደ ልማድዎ ይወልውሉት።» የአፉን ስፋት በቃል ሳይሆን በተቆረጠ እንጨት ለክታችሁ ስጡ፤ ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ስለሚኮማተር የፈለጋችሁት ከተተኮሰ በኋላ ያለው ልክ መሆኑንም ንገሯቸው። ለውጪው ማሰሮ ጭቃው ላይ ከተፈጨው ገል ሌላ ትንሽ የተነፋ ሰጋቱራ ቢጨመርበት፣ ሲተኮስ ተቃጥሎ የሚተወው ቀዳዳ የውሃው መውጫ ይሆናል። ሰጋቱራው ከበዛ ግን ግድግዳው አሸዋውን መሸከም ያቅተዋልና መጀመሪያ አንድ ጥንድ ብቻ አሠርታችሁ በጠብታውና በማሳደሩ ፈትኑት።